የፐርፊውዥን ስልጠና ፕሮፖዛል፦ በጀቱ ከቲኬት ወደ ቱቦ ይዙር

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛው ረቂቅ ደርሷችኋል። ሐሳቡ ያው ነው፤ ሁለት ወጣት ባለሙያዎችን ፐርፊውዥን እናሰልጥን፣ የተግባር ልምምዱም እዚሁ ኦፕሬሽን ክፍል ይሁን ነው የምንለው። አዲስ ለገባችሁ በአጭሩ፦ ልብ ተከፍቶ ሲጠገን በአብዛኛው መቆም አለበት። ልብ ቆሞ ሳለ ደሙን ከሰውነት ተቀብሎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ መልሶ የሚልክ ማሽን አለ። ማሽኑን የሚነዳው ሰው ነው ፐርፊውዥኒስት የሚባለው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላደልፊያ ላይ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ውስጥ የነበረ ቀዳዳ ሲደፍን ማሽኑ 26 ደቂቃ በልቧና በሳንባዋ ቦታ ሠራ።

እኛ ጋ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ በኋላ ለዓመታት ከባድ ከባዱ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው የውጭ ቡድን ሲመጣ ነበር። ቡድኑ ሲሄድ ፓምፑን የሚነዳውም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ልጇን ይዛ ከክፍለ ሀገር የመጣች እናት ቀጣዩን ቡድን ትጠብቃለች። ፕሮፖዛሉን የምንጽፈው ለዚህ ነው። ረቂቁን ሳነበው ግን አብዛኛው በጀት ለቲኬትና ለሆቴል ሆኗል። «12 ወር ይበቃል» ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። እስቲ በግልጽ እንነጋገር።

ፐርፊውዥኒስት፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ከወር ሳይሆን ከኬዝ እንጀምር፤ ኬዝ የምለው ማሽኑ የሚነዳበትን አንድ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ አሜሪካ ተማሪ ትምህርቱን ለመጨረስ ቢያንስ 75 ኬዝ ራሱ መሥራት አለበት። የቦርድ ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ መሠረታዊ ሳይንስ፣ አንዱ ክሊኒካል። ካለፈ በኋላም ሰርተፊኬቱን ለማደስ በዓመት 40 ኬዝ ይጠየቃል። እኛም 75ን እንያዝ ብንል ለሁለት ሰልጣኝ 150 ኬዝ ነው። አንዱን ኬዝ ለሁለቱም መቁጠር አይቻልም፤ ፓምፑ ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ኬዝ ከተሠራ 75 ሳምንት ይፈጃል። ዓመት ከአምስት ወር መሆኑ ነው። በዓል፣ የደም እጥረት፣ የታመመ ሰርጀን ሳይቆጠር። ስለዚህ 12 ወር የሚለው ይውጣ።

ኬዝ ስል ቆሞ ማየት ማለቴ አይደለም። ቱቦውን ገጣጥሞ፣ በፈሳሽ ሞልቶ፣ አንዲት የአየር አረፋ ሳትቀር አስወጥቶ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ከተሰጠ በኋላ ኤሲቲው (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ) ከ480 ሰከንድ ማለፉን ራሱ አይቶ፣ ፓምፑን አስነስቶ፣ መጨረሻ ላይ ደሙን ቀስ እያለ ለልቡ መልሶ ማስረከብ ነው። ተማሪ እያለሁ ሦስተኛ ኬዜ ላይ ሪዘርቮየሩ (ከታካሚው የመጣው ደም የሚጠራቀምበት ዕቃ) ውስጥ ያለው ደም እየወረደ መጣ። እኔ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ምክንያቱን ከቁጥሮቹ ውስጥ እፈልጋለሁ። አሰልጣኜ አንድ ቃል ሳትናገር የፓምፑን ፍጥነት ቀነስ አደረገችና በጣቷ ወደ አልጋው ጠቆመችኝ። ረዳት ሐኪሙ ሳያውቀው ቱቦው ላይ ተደግፎበታል። ሪዘርቮየሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ ወደ ታካሚው የሚሄደው አየር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የማየው ቱቦውን ነው። ይህን ከጎን ቆሜ ብማረው ኖሮ እንዲህ አይገባኝም ነበር።

ሲስተር፣ የኦፕሬሽን ክፍል፣ አዲስ አበባ

150 ኬዝ ማለት እኮ 150 ሙሉ ሰርኪዩት፣ ማለትም ደሙ የሚያልፍበት የቱቦና የኦክሲጅኔተር ስብስብ ማለት ነው። ለደሙ ኦክስጅን የሚሰጠው ኦክሲጅኔተሩም ቱቦውም ለአንድ ታካሚ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይጣላል። ሰርጀን ኖሮ፣ አልጋ ኖሮ፣ ኦክሲጅኔተር አልቆ ኬዝ ሲሰረዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ከሌሊት ጀምሮ ጾሞ ነበር። እናቱን «ዛሬ አይሠራም» ያልኳት እኔ ነኝ።

ደግሞ ሰርኪዩት ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። በታካሚው ኪሎ ይከፋፈል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአካሉ ያለው ደም ከ700 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። በአዋቂ ቱቦና ኦክሲጅኔተር ብናገናኘው ቱቦውን የሞላው ፈሳሽ ብቻ ደሙን ውሃ ያደርገዋል። በእርዳታ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ መጠኑ ከታካሚዎቻችን ጋር አይገጥምም። መጋዘን ቆጥሬ የጎደለውን መጠን በሰንጠረዥ እልካለሁ።

ዶክተር፣ ቀዶ ሐኪም፣ በጡረታ

ልጆች፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑ ያለፈበትን ሰርኪዩት አትጣሉት፣ ለታካሚ ባይሆንም ለልምምድ ይሆናል። በጨው ውሃ ሙሉትና ሰልጣኞቹ ሰው ሳይነኩ በፊት የመከራውን ቀን ይለማመዱ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑን በእጅ ማዞር፣ አየር ሲገባ ማቆም፣ ኦክሲጅኔተር ሲበላሽ መቀየር። በእጅ ማዞር ቀላል ይመስላል። መብራት ጠፍቶ፣ ሁሉም እየጮኸ፣ ወደየት እንደሚዞር ማስታወስ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰዓት እየተያዘ ደጋግመው ይሥሩት። ያላለፈ ሰው ፓምፑ ላይ እንዳይቀመጥ በፕሮፖዛሉ ይጻፍልኝ።

አባል፣ ሆሎን

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ጉዞውን ጨርሳችሁ እንዳትሰርዙት ነው የምለው። እዚህ እስራኤል ወልፍሰን ሆስፒታል ያለው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የኢትዮጵያንም ጨምሮ የብዙ አገር ሕፃናትን ያክማል፣ ባለሙያም ያሰለጥናል። አገር ቤት ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ውስብስብ ኬዝ ብዙ ኬዝ ባለበት ቦታ ቶሎ ይታያል።

ፐርፊውዥኒስት፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ እስማማለሁ፤ ግን ጉዞው መሐል ላይ ይሁን። ሰልጣኙ 40 ኬዝ ያህል ከሠራ በኋላ ቢሄድ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከመሄዱም በፊት ተቀባዩ ሆስፒታል ማሽኑን እንዲነካ ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ እንጠይቅ። ካልተፈቀደ ያየው ከ75ቱ ውስጥ አይቆጠርም። የኬዝ መዝገቡንም አሰልጣኙ በየቀኑ ይፈርምበት፤ በወሩ መጨረሻ ተሰብስቦ የሚፈረም መዝገብ ዋጋ የለውም።

ሲስተር፣ የኦፕሬሽን ክፍል፣ አዲስ አበባ

ደሞዙንም አትርሱት። ሰልጥኖ የነርስ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው በዓመቱ ይሄዳል፣ ማንም አይፈርድበትም። የሥራ መደቡ ስልጠናው ሳይጀመር በፊት ይጽደቅ። ስለ ውል ግዴታ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

አመሰግናለሁ፣ በጣም ረድታችሁኛል። ሦስተኛው ረቂቅ ላይ እንዲህ ብዬ አስገብቻለሁ፦

«ስልጠናው የሚያልቀው በጊዜ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰልጣኝ በዕለቱ በአሰልጣኝ የተፈረመባቸው 75 ኬዞች ራሱ ሲሠራ ነው። ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ በታካሚ ክብደት ተከፋፍለው ለሚገዙ 150 ሰርኪዩቶች ይውላል። የድንገተኛ ጊዜ ልምምዱን ያላለፈ ሰልጣኝ በታካሚ ላይ ፓምፕ አይነዳም። የውጭ ጉዞ ከ40ኛው ኬዝ በኋላ ይሆናል። የሥራ መደቡ ከስልጠናው በፊት ይጸድቃል።»

ሲስተር፣ የመጋዘኑን ቆጠራ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፤ የሕፃናቱን መጠን አስቀድሚ። ዶክተር፣ የልምምዱን ዝርዝር ከእርስዎ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ ሰዓት 2 ሰዓት ላይ በስልክ እንገናኝና ዋጋውን እንሙላ።