ወንድሜ ሚስቱን ይመታል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወንድሜና ሚስቱ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ናቸው። ሰሞኑን እንደገና መታት። ጠዋት ስትወርድ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ ገለጥ ሳደርገው የግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል።

በልጅነታችን አባታችን በቀበቶ ነበር የሚገርፈን፤ እሱን ደግሞ አብዝቶ። ዛሬም የቀበቶ ዘለበት ሲንኳኳ ከሰማ ትከሻው ይሰበሰባል። ከመታት በኋላ እያለቀሰ «ያደግኩበት ነው» ሲለኝ አንጀቴን ይበላዋል። ግን ተገርፈው አድገው ሚስታቸውን የማይነኩ ብዙ ናቸው። ደግሞ አለቃው ሲጮህበት እጁን አያነሳም፤ ራሱን መቆጣጠር ይችላል ማለት ነው። ቁስሉ እውነት ነው፤ ለዱላው ማመካኛ ሊሆነው ግን አይገባም።

ሽማግሌ አስታርቋቸው ነበር፤ ብዙም አልቆየ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ እንደሚያስቀጣ ነግሬያታለሁ፤ እሷ «ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ብላ መክሰስ አልፈለገችም። አንዳንዶች አብረው የጋብቻ ምክር ይሂዱ ይሉኛል። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እንዴት እውነቱን ታወራለች? ብታወራስ ማታ ቤት ሲገቡ?

እባካችሁ፣ ከሚደበድቡ ወንዶች ጋር ለብቻቸው የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ልውሰደው? ወይስ መጀመሪያ እሷንና ልጆቹን ላሽሽ? እኔ ጋ እንዳላመጣቸው አንድ ደረጃ ነው የሚለየን። እሷ ላይ ሳይብስባት እሱን እንዴት ላናግረው?