«ደብል ደች»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

አንድ የእንግሊዝኛ አጭር ልቦለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ አዛውንት የውል ሰነድ ሲነበብላቸው አቋርጠው «ይህ ለእኔ ደብል ደች ነው» ይላሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሆላንዳዊ ፊቱ ቅጭም ይላል፤ እስከ ታሪኩ መጨረሻም አይፈታም።

ቃል በቃል «ድርብ ሆላንድኛ» ነው፤ ፍቺው ግን ጨርሶ የማይገባ ንግግር ማለት ነው። እንግሊዞችና ሆላንዶች ከ1652 እስከ 1674 እ.ኤ.አ. ሦስት ጊዜ በባሕር ተዋግተዋል፤ «ደች» የሚለው ቃል በብዙ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ውስጥ መናቂያ ሆኖ የቀረው ከዚያ ፉክክር የተነሳ ነው ይባላል። መጠጥ የሚሰጠውን ድፍረት ሳይቀር «የደች ድፍረት» ይሉታል። የሰውን ዜግነት ከከንቱ ነገር ጋር ማጣበቁ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ደራሲው የጻፈውን ማለስለስ የእኔ ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ «የወፍ ቋንቋ ሆነብኝ» አልኩ። ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ሆላንዳዊው የሚቀየምበት ምክንያት ጠፋ። «ዝባዝንኬ»ም እንዲሁ። «ድርብ ሆላንድኛ» ብዬ ስጽፈው ደግሞ ረቂቁን ያነበበችልኝ እህቴ «አዛውንቱ ሆላንድኛ ይችላሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የግርጌ ማስታወሻ ጨመርኩ፤ ያን ጊዜ ስድቡ ከአዛውንቱ አፍ ወጥቶ ገጹ ግርጌ ተኛ።

ነገሩ እንዳልገባቸውም ሆላንዳዊው ለምን እንደተቀየመም ያለ ማብራሪያ የሚያሳይ፣ ከአንድ አዛውንት አፍ ሳይጎረብጥ የሚወጣ የአማርኛ አነጋገር የትኛው ነው?