ለቋሚ ኮሚቴ በተመራ ረቂቅ አዋጅ ላይ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የምንተዳደር ሰዎች አንድ የግብር ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ለቋሚ ኮሚቴ መመራቱን በሬዲዮ ሰማን። ገሚሳችን «አለቀ፣ ጸደቀ» ሲል ገሚሳችን ገና ነው ይላል። ሐሳባችንን ለማሰማት ጊዜ አለን?

መልስ (ከደሴ)፦ ወንድሜ፣ ገና አልጸደቀም። አብዛኛው ረቂቅ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚመጣ ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በመጀመሪያ ንባብ በአጠቃላይ ይዘቱ ላይ ተወያይተው ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመሩታል፤ የግብር ጉዳይ በተለምዶ የሚሄደው ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ የሚፈተሸው፣ ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ለማብራሪያ የሚጠራው፣ ባለድርሻ አካላት የሚሰሙበት መድረክም የሚከፈተው እዚያ ነው። አዋጁ የሚጸድቀው ኮሚቴው ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ሲመለስ በሚሰጠው ድምፅ ነው።

መልስ (ከወልድያ)፦ በዚሁ ላይ ልጨምር። ደብዳቤያችሁን ለኮሚቴው ስትልኩ ለመረጣችሁት ተወካይም ግልባጭ አድርጉ። የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደሚጎዳችሁና በምን ቢተካ እንደምትመርጡ ጻፉ፤ «ግብሩ ከበደን» ብቻ የሚል አቤቱታ፣ በእኔ እምነት፣ ከመዝገብ ቤት አያልፍም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከጸደቀ በኋላስ ወዲያው ይሠራል?

መልስ (ከደሴ)፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይቀርባል፤ በ15 ቀናት ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። የሚጸናበትን ቀን በነጋሪት ጋዜጣ ከወጣው አዋጅ የመጨረሻ አንቀጽ ተመልከቱ።