በነጻ መጽሐፍ ለሚተርኩልን ሰዎች ምስጋናው በየት በኩል ይድረስ?

የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ ከሊብሪቮክስ (በጎ ፈቃደኞች የቆዩ መጻሕፍትን በድምፅ አንብበው በነጻ የሚለቁበት ድረ ገጽ) የወረዱ የእንግሊዝኛ የድምፅ መጻሕፍት በፍላሽና በቴሌግራም ከተማሪ ወደ ተማሪ እየዞሩ ነው፤ ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ከመዝናኛም በላይ ናቸው። ተራኪዎቹ አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም። ምስጋናው በደፈናው ከሚቀር ለራሱ ለተራኪው የሚደርሰው በየት በኩል ነው? ገንዘብስ ይቀበላሉ? አንዳንድ ምዕራፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ ይህን መናገር ውለታ መርሳት ይሆናል? የአማርኛውን ነገር የምታውቁም ጣል አድርጉበት።

ቧንቧ ውሃ፦
መጀመሪያ ማን እንዳነበበው አጣሩ፤ ምስጋናው መንገድ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በፋይሉ ስም ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የመጽሐፉ ርዕስና የደራሲው ስም እንጂ የተራኪው አይደለም። አንዳንዱን መጽሐፍ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ አሥር ሃያ ሰው ምዕራፍ ተከፋፍሎ ይጨርሰዋል። በድረ ገጹ ላይ በየምዕራፉ ትይዩ የአንባቢው ስም አለ፤ ስሙን ስትነኩት ያ ሰው ያነበበው ሁሉ ይዘረዘራል። ኢንተርኔት ከሌለ የምዕራፉን መግቢያና መጨረሻ አዳምጡ፤ አብዛኞቹ ስማቸውን ይናገራሉ። (መግቢያውን ቆርጦ የሚያዞር ሰው የሚያበሽቀውም ለዚህ ነው። ቀረጻው የሕዝብ ሀብት፣ ማለትም የቅጂ መብት የማይጠየቅበት፣ ስለሆነ ሕግ አይከለክለውም፤ ግን የሰውየው ክፍያ ያቺው ስሙ ናት።)

ማድረሻው ሁለት ነው። ፋይሎቹ የተቀመጡት ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል የነጻ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ስለሆነ እዚያ ነጻ አካውንት ከፍታችሁ በመጽሐፉ ገጽ ላይ አስተያየት መጻፍ ትችላላችሁ። ሌላው በጎ ፈቃደኞቹ የሚገናኙበት የውይይት ገጽ ነው፤ ተራኪዎቹ የሚውሉት እዚያ ስለሆነ ቶሎ ያዩታል። «በጣም ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ስም፣ ምዕራፍ፣ ደቂቃ፣ የወደዳችሁት ነገር፦ «ምዕራፍ 9፣ 14ኛው ደቂቃ ላይ የሽማግሌውንና የልጁን ድምፅ ስለለየህልን ማን እንደሚናገር አልተምታታብንም። ከደሴ፣ ኢትዮጵያ።» ከተማዋን አትርሷት። «ይህን ያህል ጊዜ ወረደ» የሚለው ቁጥር ለተራኪው ፊት የለውም።

ስለ ገንዘቡ፦ ለተራኪ የሚከፈል የለም። ሊብሪቮክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመርም በበጎ ፈቃድ ነው፣ አሁንም እንደዚያው።

ቦርከና፦
ስህተት መጠቆምና ሂስ መስጠት ይለያያሉ። የተደገመ ዓረፍተ ነገር፣ የተዘለለ አንቀጽ፣ መሀል ላይ የተቆረጠ ፋይል ከሆነ ተናገሩ፤ ይታረማል። «ድምፁ እንቅልፍ ያመጣል» ማለት ግን የእነሱ ደንብ አይደለም። ተራኪው ራሱ ካልጠየቀ ስለ አነባበቡ ሂስ አይሰጥም፤ ማንም በየዘዬው እንዲያነብ የተፈቀደው ታስቦበት ነው። ስትጠቁሙ የምዕራፉን ቁጥር፣ ደቂቃና ሰከንዱን፣ የተደገመውንም ቃል ጻፉ። «መሀል አካባቢ» ካላችሁ ግን አንድ ሰው የ40 ደቂቃ ፋይል እንደ አዲስ እንዲሰማ ፈረዳችሁበት።

ከቃል ያለፈ ምስጋና ለሚፈልግ፣ ቀረጻ ከመለቀቁ በፊት የሚያዳምጡ አጣሪዎች ሁሌም ይፈለጋሉ። ማይክሮፎን አይጠይቅም፤ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ለዚህ ሥራ የ30 ደቂቃ ምዕራፍ በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ የድምፅ ጥራት 29 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ግን የ64ቱን አውርዱ፤ በዚያው 29 ሜጋባይት አንድ ሰዓት ትሰማላችሁ፣ የ10 ሰዓት መጽሐፍም 290 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በስልክ ስፒከር ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ካለ ይቅረብና ይናገር።

ሰኞ ገበያ፦
አማርኛው ይቻላል፣ አብሽሩ። ግን ከሕጉ ጀምሩ። በእኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሊብሪቮክስ ደግሞ የሚመራው በአሜሪካ ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መስፈርቱ ከ1930 በፊት የታተመ መሆን ነበር፣ በየዓመቱም አንድ ዓመት ይጨምራል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1908፣ ደራሲው ያረፉት በ1947 ስለሆነ በሁለቱም በኩል ያልፋል።

ከዚያ የጽሑፉ ጣጣ አለ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፦ አለ፣ ገና፣ ዋና እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቃል ናቸው። ሳትቀርጹ አንዴ አንብቡትና በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። የግዕዝ ቁጥሮችንም በቃል ጻፏቸው፤ ተራኪ ፲፱፻ ላይ ሲደርስ ነው የሚንተባተበው።

ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ እንደ ጥይት ይወጣሉ። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይዙር፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዲሲቤል አይለፍ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም ላይ በሞኖ (በአንድ መስመር)፣ በ44100 ኸርዝ ቅረጹ፤ ሲያልቅ በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አውጡት። ሊብሪቮክስ የሚፈልገው የፋይሉ አጠቃላይ የድምፅ መጠን 89 ዲሲቤል አካባቢ ነው (መለኪያው ከላይኛው −6 የተለየ ነው)፤ መጀመሪያ ላይ ከ1 ሰከንድ ያልበለጠ፣ መጨረሻ ላይ 5 ሰከንድ ያህል ዝምታ ይተዋል። ከሁሉ በፊት የአንድ ደቂቃ ሙከራ ልካችሁ አስመርምሩ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ከጀርባችሁና ከግራ ቀኝ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል። ሐምሌና ነሐሴ የደሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ አትሞክሩት፤ የዝናብን ድምፅ የሚያነሳ ማጣሪያ ንግግሩንም ይዞ ነው የሚሄደው። ንጋት ላይ ዶሮው አለ፣ አዛኑና ቅዳሴው አለ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ለኮምቦልቻ የከባድ መኪና ጉምጉምታ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ብዙውን ያቃልላል። ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩት፣ የቻርጀሩ እዝዝታ ቀረጻ ውስጥ ይገባል። የክፍሉን ዝምታ 5 ሰከንድ ቅረጹና የኦዳሲቲን የጫጫታ ማጽጃ በእሱ አሠሩት፤ ቅነሳው ከ12 ዲሲቤል ካለፈ ግን ድምፁ ከቱቦ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

የጦሳ ግርጌ፦
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁሉም ይጠይቃል፤ እሱስ?

ሰኞ ገበያ፦
አይሆንም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም ነው፣ 50ው ዓመት ገና ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውም በነጻ ለመልቀቅ ፈቃድ አይሆናችሁም። ለአተራረክ ትምህርት ግን ስሙት፤ በተለይ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች።

ቦርከና፦
ለአማርኛው አጣሪ ከፈለጋችሁ ከኮምቦልቻ አንጠፋም። ምዕራፉን ከ15 ደቂቃ አታስበልጡት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲበላሽም ጭብጨባ አጨብጭባችሁ ድገሙት፤ በኋላ ስትቆርጡ በድምፁ ሥዕል ላይ የጭብጨባው ጫፍ ወጥቶ ይታያችኋል።