እህቴ «በሩን ቆልፌዋለሁ?» እያለች እንቅልፍ አጣን

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ማታ በሩን ቆልፋ ትተኛለች፣ ከዚያ ተነስታ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትተኛለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ሲደክማት እኔን «ቆልፌዋለሁ አይደል?» ትለኛለች። «አዎ» ስላት አምስት ደቂቃ ትረጋጋና እንደገና ትመጣለች። ተቆጥቼ ያስለቀስኳት ጊዜም አለ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። መቆለፉን እኮ ራሷ ታውቃለች! ይሄ ኦሲዲ የሚሉት፣ የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ ጠባይ ነው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ጠባይ አይመስለኝም። እርግጡን የሚነግራችሁ ሐኪም ነው፤ ግን ሐሳቡና መፈተሹ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ የሚወስድባት ወይም ኑሮዋን የሚያውክ ከሆነ መታየት አለባት። እኔም አለብኝ። እጄ ቁልፉን አዙሯል፣ ዓይኔ አይቷል፣ «በቃ» የሚለው ስሜት ግን አይመጣም። ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር ደግሞ ትዝታዬን ማመን ያቅተኛል፣ የቱ የአሁኑ የቱ የቅድሙ እንደሆነ ይምታታብኛል።
ከበሩ የባሰብኝ ግን «የምወደውን ሰው ብጎዳስ» የሚለው ሐሳብ ነበር። ቢላ እደብቅ ነበር። ክፉ ሰው ነኝ ብዬ ስለፈራሁ ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። በ1978 እ.ኤ.አ. ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ሕመሙ የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ የማይፈልጉት ሐሳብ ይመጣብናል ብለዋል። እነሱ ንቀው ያልፉታል፣ እኛ ይዘነው እንቀራለን። ይህን የሰማሁ ቀን አለቀስኩ። እህትህም የማትነግርህ ነገር ሊኖር ይችላል፣ በቀስታ ጠይቃት።

መልስ 2፦
የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። «አዎ ቆልፈሻል» የምትላት ከፍቅር ነው፣ ግን እሱም ራሱ እንደ መፈተሽ ነው፤ ለጊዜው ያሳርፋታል፣ ጥርጣሬውን ግን ይመግበዋል። ሕክምናው አንዴ ቆልፎ መሄድና በሩን ዳግም ሳይፈትሹ ጭንቀቱን መቻል ነው፣ ከቀላሉ ተጀምሮ ቀስ በቀስ። በልምምድ ጭንቀቱ ይቀላል። ታዲያ ዛሬ ማታ በድንገት ዝም እንዳትላት! መጀመሪያ ተስማሙ፣ ቢቻል ባለሙያ ባለበት።

መልስ 3፦
መድኃኒትም አለ፣ እነ ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊን። ባለቤቴ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላ ልታቆመው ነበር። ለኦሲዲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል የነገረን አልነበረም። ሐኪም ሳያውቅ እንዳታቋርጥ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ትናንት አወራን። ከበሩ ሌላም ሐሳብ አለባት፣ ለእኔ መናገር አልቻለችም፣ ለሐኪም ግን እናገራለሁ ብላለች። ቀጠሮ ይዘናል፣ አብሬያት እሄዳለሁ።