የቀድሞ ባለቤቱ የሠራውን የቫን ውስጥ አፍርሶ እንደገና ስለ መሥራት

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቀድሞ የዕቃ ማመላለሻ የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለና ወለሉ ረዘም ያለ ቫን ገዝቻለሁ። የቀድሞ ባለቤቱ አልጋ፣ የማብሰያ ቦታና ቁምሳጥን በገዛ እጁ ሠርቶለት ሲጓዝበትና ሲያድርበት ቆይቷል። ከላይ ሲያዩት ሥራው ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው በሩ ተዘግቶ ሲያድር የእርጥበት ሽታ ይሰጣል፣ ከአልጋው አጠገብ ያለው የግድግዳ ኮምፔንሳቶ ታችኛው ጠርዝ አብጧል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቁምሳጥኖቹ ያለማቋረጥ ሲጢጥ ይላሉ። አንዱን የግድግዳ ሰሌዳ ፈትቼ ስመለከት የመስታወት ሱፍ በቀጥታ ላሜራው ላይ ተጠቅጥቆ፣ ግማሹ ርሶ፣ ከሥሩም ላሜራው እዚህም እዚያም ዝጎ አገኘሁት። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም በዚያው ሱፍ ውስጥ ያለ ቱቦ የተቀበሩ ሲሆኑ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁም ምልክት የለባቸውም።

ለመወሰን የተቸገርኩት እስከ ላሜራው ድረስ ሁሉንም ላፍርስ ወይስ የተበላሸውን ጎን ብቻ ጠግኜ ቀሪውን ልተወው በሚለው ላይ ነው። ቁምሳጥኖቹ ከ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ የተሠሩ ናቸው፤ ገና ጠንካራ ስለሆኑ መልሼ ብጠቀምባቸው ደስ ይለኛል። የምንጓዘው ሁለት ሰዎች ነን፤ በብርድ ወቅትም እናድርበታለን፣ ውስጡም በጋዝ እናበስላለን። በየትኛው ቅደም ተከተል ብሠራ፣ ለሙቀት መከላከያስ ምን ብጠቀም ይሻላል? ልምዱ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የላሜራ ሠራተኛ፦

ያለ ማመንታት ሁሉንም ያፍርሱት። ያዩት የአንድ ሰሌዳ ጀርባ ብቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ በተፈጠረበት ቦታ አይቆምም፣ በላሜራው ገጽ ወርዶ በወለሉ ጥግና ውስጠ ባዶ በሆኑት የብረት አጥንቶች ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ የከፋው ዝገት ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከወለሉ ኮምፔንሳቶ ሥር፣ በተለይም ከኋላ በር መርገጫውና ከጎማ ቤቶቹ ዙሪያ ሊገኝ ይችላል። እያንዳንዱን ሰሌዳ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱት፣ ጀርባው ላይም ቁጥር ይጻፉበት። ያበጠው ሰሌዳ እንኳ የመኪናውን ጠማማ ቅርጽ የያዘ የመቁረጫ ልክ ስለሆነ አዲሱ ተቆርጦ እስኪገጠም ድረስ አይጣሉት።

ከማፍረሱ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ውሃው ከውጭ የገባ ወይም ከውስጥ የተፈጠረ መሆኑን መለየት ነው። ላሜራው ራቁቱን ሳለ አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ቱቦ የመስኮቶቹን ዙሪያ፣ ቀጥሎም ጣሪያውንና የማናፈሻውን ጠርዝ ቀስ እያለ ከታች ወደ ላይ ያርጥብ፤ ሌላው ደግሞ ከውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይከታተል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያርስ ቀዳዳው የት እንዳለ መለየት ያስቸግራል። የሚያፈስ ቦታ ከተገኘ አሮጌውን ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ፍቀው ካነሡ በኋላ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ እንደገና ያሽጉት፤ በአሮጌው ላይ ሲሊኮን መደረብ ችግሩን ለጊዜው ከመሸፈን በቀር ምንም አይፈይድም።

ምንም ካልገባ ጠላትዎ ጤዛ ነው፤ ከገለጻዎ ተነሥቼ ስገምትም እሱ ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች ተኝተው ሲያድሩ ከትንፋሻቸውና ከላባቸው ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይገባል፤ ጋዝ ሲነድ ደግሞ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጋዝ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ ሞቃትና እርጥብ አየር በሱፉ ውስጥ ሰርጎ ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ሱፉም ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ብረቱ በጋም ሆነ ክረምት ሳይደርቅ ይኖራል።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉት፤ ጠልቆ ለበላው ጉድጓድ የዝገት መለወጫ ኬሚካል ይጠቀሙ፣ ከዚያም ፕራይመርና ቀለም ያስከትሉ። ብሩሽ የማይደርስባቸውን የአጥንቶቹን ውስጠኛ ክፍሎች በረጅም ቱቦ በሚረጭ ሰም መሸፈን ይቻላል። በበሮቹና በመርገጫዎቹ ሥር የሚገኙት ትንንሽ ቀዳዳዎች በፋብሪካ የተበሱት ውሃ እንዲወጣባቸው ስለሆነ በቀለምም ሆነ በማሸጊያ እንዳይደፈኑ ይጠንቀቁ።

ለመከላከያው እኔ የምመርጠው ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው፣ የአየር ቀዳዳዎቹ የተዘጉ የጎማ ፎም ነው። ቁም ነገሩ በእሱና በላሜራው መካከል አየር ሳይቀር ጥብቅ ብሎ መለጠፉ ነው፤ እርጥብ አየር ብረቱ ጋር ካልደረሰ ጤዛ አይፈጠርም። የብረት አጥንቶቹንም ቢያንስ በስስ ንጣፍ ይሸፍኗቸው፤ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ ተሸፍኖ እነሱ ብቻ ከተጋለጡ ቅዝቃዜው በእነሱ በኩል አቋርጦ ይገባል። ወለሉ ላይ ክብደት የሚችል ጠንካራ የፖሊስቲሪን ሰሌዳ ይሻላል። የሚያብረቀርቀው ፎይል ከፊቱ ክፍት የአየር ክፍተት ከሌለው ሙቀትን የመመለስ ጥቅሙን ያጣል፤ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ተጨፍልቆ ሲገባ ገንዘብ ማባከን ነው። በጣሳ የሚሸጠውን የሚያብጥ ፎም በአጥንቶቹ ውስጥ መንፋት ግን በጭራሽ አልመክርም፤ ላሜራውን ከውጭ ሊያሳብጠው፣ ውሃውንም ውስጥ ቆልፎ ሊያስቀረው ይችላል። የትኛውም መከላከያ ቢሆን እርጥበቱን ከመኪናው አያወጣም፤ ለዚያ ጣሪያው ላይ የሚስብ ማናፈሻ፣ ከታች ደግሞ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የግድ ያስፈልጋሉ።

አናጢ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ቁምሳጥኖቹ ነው። ቺፕውዱን ይተውት። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፕውድ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀላል የፖፕላር ኮምፔንሳቶ ግን 7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአንድ ቫን ውስጥ በርካታ ካሬ ሜትር ሰሌዳ ስለሚገባ ልዩነቱ ሲደመር የአንድ ሰው ክብደት ያህል ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ቺፕውድ በመንገድ ንቅናቄ ብሎኑን የያዘበት ቦታ ይፈረፍራል፣ እርጥበት ከነካውም ያብጣል። የሚሰሙት ሲጢጥታ አንድም ከላሉ ብሎኖች፣ አንድም እርስ በርስ ከሚፋተጉ እንጨቶች የሚመጣ ነው፤ በአዲሱ ሥራ እንጨት ከእንጨትና እንጨት ከብረት በሚገናኙበት ሁሉ ስስ ጎማ ወይም የሱፍ ጨርቅ ያስገቡ።

ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ አንድም ሰሌዳ ከመቁረጥዎ በፊት የአልጋውን፣ የማብሰያውንና የመቀመጫውን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ያስምሩ፣ ከካርቶንም አምሳያቸውን ያቁሙ። ከዚያም ሁለታችሁም ገብታችሁ ተኙበት፣ አንዱ ቆሞ ሲያበስል ሌላው ማለፍ ይችል እንደሆነ ሞክሩ። በወረቀት ላይ የሚበቃ የመሰለ መተላለፊያ የቁምሳጥኑ በር ሲከፈት የሚዘጋ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቁምሳጥኑ የሚታሰረው ከግድግዳ ልባሱ ጋር ሳይሆን ከብረት አጥንቶቹ ጋር ነው። ፋብሪካው አስቀድሞ በበሳቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ተጨምቆ የሚቀር ዳዶ ማስገባትና በቡሎን ማሰር ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ሲያስፈልግ መፍታት ይቻላል፣ አዲስ የዝገት መነሻም አይፈጥርም። ወለሉን በትራፓኖ ከመብሳትዎ በፊት ግን ከመኪናው ሥር ገብተው ይመልከቱ፤ የነዳጅ ታንከሩና የፍሬን ቱቦዎቹ እዚያው ናቸው። ሌላው፣ ውሃ ልክን እርሱት። መኪናው የቆመበት መሬት ሜዳ ስላልሆነ አረፋው የሚነግርዎት የመሬቱን እንጂ የመኪናውን ልክ አይደለም፤ ሁሉንም ከወለሉ ተነሥተው በማዕዘን ይለኩ።

ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 80 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ 80 ኪሎ ነው። ይህን የመሰለ ከባድ ነገር ዝቅ ብሎ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ይቀመጥ፤ ባትሪው በተቃራኒው ጎን ቢሆን ግራና ቀኙ ይመጣጠናል። ሥራውን ስታጋምሱ መኪናውን አንድ ጊዜ በተሽከርካሪ ሚዛን ላይ አውጡት፤ በመኪናው ሰነድ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት መንገደኞቹን፣ ነዳጁንና ውሃውን ሁሉ ጨምሮ ነው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ለማፍረስ ወስኛለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አሮጌዎቹን የኤሌክትሪክ ገመዶች በቱቦ ውስጥ አስገብቼ ልጠቀምባቸው እችላለሁን? የጋዝ ሲሊንደሩስ አሁን ከምድጃው ሥር ባለ ተራ ቁምሳጥን ውስጥ መቀመጡ ትክክል ነው? ከዚህም ሌላ፣ ከመከላከያው በላይ ግድግዳውን በሙሉ በፕላስቲክ እንድሸፍነው የመከረኝ ሰው አለ።

የመኪና ኤሌክትሪሻን፦

ምልክት የሌለውን የተጨመረ ገመድ ሁሉ ያውጡት። ነገር ግን ፋብሪካው ከዘረጋው ጋር እንዳይቀላቅሉት፤ በበሩ ምሰሶና በጣሪያው ጠርዝ በኩል የኤርባግ መስመር ሊያልፍ ስለሚችል መቁረጥም ሆነ መብሳት ከመጀመርዎ በፊት የመኪናውን ባትሪ ይንቀሉ፣ የመኪናውንም የጥገና መጽሐፍ ይመልከቱ።

አዲሱን ሲያቅዱ ከባትሪው ሳይሆን ከፍጆታው ይጀምሩ። ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ፣ ፓምፑና ማናፈሻው በቀን ስንት አምፔር ሰዓት እንደሚወስዱ ይደምሩና ባትሪውን በዚያ ልክ ይምረጡ። የተለመደውን የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች ማውረድ አይመከርም፤ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም። በብርድ ስለምታድሩ ባትሪው ከወለሉ ሥር ሳይሆን በሞቀው ክፍል ውስጥ ይሁን።

በ12 ቮልት ሥራ የገመድ ውፍረት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ማቀዝቀዣዎ 5 አምፔር የሚወስድና ከባትሪው 5 ሜትር የሚርቅ ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር ይጓዛል፤ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ላይ 0.6 ቮልት ገደማ፣ ማለትም 5 በመቶ ያህል ይጠፋል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን ብክነቱ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። 1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) ከባትሪው ከ80 አምፔር በላይ ስለሚስብ ገመዱ አጭርና ወፍራም መሆን አለበት። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ዋናው ፊውዝ ደግሞ በተቻለ መጠን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፤ ምክንያቱም ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ገመድ እንጂ በእሱና በባትሪው መካከል ያለውን አይደለም። በየቱቦው ውስጥ ገመድ የሚጎተትበት ተጨማሪ ሲባጎ ትታችሁ ዝጉ፤ ነገ አንድ መብራት መጨመር ስትፈልጉ ግድግዳ አትፈቱም።

ሲሊንደሩ ባለበት ሁኔታ መቆየት የለበትም። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ወለሉ ወርዶ ይተኛል እንጂ በጣሪያው ማናፈሻ አይወጣም። ሲሊንደሩ ከመኖሪያው ክፍል በኩል ጥብቅ ሆኖ በታሸገ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሳጥኑ ወለል በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ ሊደፈን የማይችል ቀዳዳ ይኑረው። ቱቦውን የመገጣጠሙንና የፍተሻውን ሥራ ለጋዝ ባለሙያ ይተዉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይግጠሙ፤ ምድጃውንም ለማሞቂያነት ለኩሳችሁ አትተኙ። ለብርዱ ወቅት ፕሮፔን ይምረጡ፤ ቡቴን ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል።

የላሜራ ሠራተኛ፦

ስለ ፕላስቲኩ፦ በቤት ግድግዳ ላይ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ሳይቆራረጥ ሊዘረጋ ይችላል። በቫን ውስጥ ግን የቁምሳጥኑ ቡሎኖች፣ የመብራት ቀዳዳዎችና የመስኮት ጠርዞች ስለሚበሳሱት እርጥብ አየሩ በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መውጫ ያጣል። ተለጣፊው የጎማ ፎም መጋጠሚያዎቹ በሚገባ ከታሸጉ ራሱ እርጥበት አሳላፊ ስላልሆነ ሌላ ሽፋን አይፈልግም።

አናጢ፦

በዚህኛው ላይ ትንሽ እለያለሁ። የበግ ሱፍ ወይም ሌላ አየር የሚያሳልፍ መከላከያ ለሚጠቀም ሰው ከሞቃቱ ጎን ሽፋን ማድረግ፣ ፍጹም ባይሆንም፣ ወደ ብረቱ የሚደርሰውን እርጥበት ይቀንሳል። ጠያቂው የጎማ ፎሙን ከመረጡ ግን ክርክሩ አያስፈልግም። የትኛውንም ቢመርጡ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ሰሌዳና ከጎማ ቤቶቹ በላይ ያሉትን በማጣበቂያ አያጣብቋቸው፤ በብሎን ብቻ ይሰሯቸውና ከመጀመሪያው የብርድ ወቅት በኋላ ፈትተው ጀርባቸውን በእጅዎ ይዳስሱ።