ከጥሬ ዓሣ የሚመጣ የጉበት ትል፦ ወንድሜ ምን ዓይነት ምርመራ ያድርግ?

ጠያቂ (ከሽምብጥ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ሲማር የወንዝ ዓሣ በስሱ ተቆርጦ በጥሬው ሲቀርብ ከጓደኞቹ ጋር አዘውትሮ ይበላ ነበር። ባሕር ዳር ከተመለሰ ወዲህ ከቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ይከብደዋል፤ ምግብም አስጠልቶታል። ከዓሣ የሚተላለፍ የጉበት ትል መኖሩን ስላነበብኩ ለሐኪም ምን ብሎ እንደሚናገር፣ የጣናችን ዓሣም ይህ ችግር እንዳለበት ብትነግሩኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ አስቀድሞ የኖረበትን አገርና የበላውን ጥሬ ዓሣ ይናገር፤ እዚህ የቀኝ ጎን ሕመም ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የሐሞት ጠጠር ወይም ቢልሃርዝያ ስለሆነ፣ ታሪኩን ያልሰማ ሐኪም ክሎኖርኪስን (ከጥሬ ዓሣ የሚመጣውን የጉበት ትል) ላያስበው ይችላል። ይህ ትል በሐሞት ቱቦ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2009 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል። ምርመራው እንቁላሉን በሰገራ ውስጥ መፈለግ ነው፤ እንቁላሉ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣልና በተለያዩ ቀናት ናሙና ይስጥ፤ አልትራሳውንድም ይጨመርለት። ከተገኘበት መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ለአንጀት ቢልሃርዝያ በአብዛኛው በኪሎ 40 ሚሊግራም አንዴ የሚሰጠው ይኸው መድኃኒት፣ ለዚህኛው በተለምዶ በኪሎ 25 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ቀን ስለሚታዘዝ፣ ከፋርማሲ በግምት ገዝቶ እንዳይውጥ።

ከዘጌ፦ ሎሚና ሚጥሚጣ በደንብ ከገባበት፣ አረቄም ከተከተለው፣ ትል የሚተርፍ አይመስለኝም።

የዓሣ ሀብት ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ይተርፋል። የትሉ እጭ በዓሣው ሥጋ ውስጥ በዓይን በማይታይ ከረጢት ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ሎሚም አረቄም አይደርሱበትም። የሚገድለው እስከ ውስጡ በደንብ ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ማቆየት ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን የቤት ፍሪጅን ማመን ይከብዳል። ስለ ጣና የተጠየቀውን በተመለከተ፣ ክሎኖርኪስ የቻይና፣ የኮሪያ፣ የቬትናምና የሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ በሽታ እንጂ የእኛ ሐይቅ በሽታ ሆኖ አይታወቅም። ባርበስ በሚባሉ ትናንሽ የጣና ዓሦች ሆድ ውስጥ የሚታየው ነጭ ጥብጣብ መሳይ ትል ሊጉላ ይባላል፤ ለመራባት የሚደርሰው በዓሣ በል ወፎች አንጀት ውስጥ ነው፣ የጉበት ትልም አይደለም። ቢሆንም በቆሮሶና በአምባዛ ላይ ሌሎች የትል እጮች ስለሚገኙ፣ ጥሬውን ትታችሁ ጥብሱን ወይም ወጡን ብሉ።

የእንስሳት ሐኪም፦ በእኛ አካባቢ የሚታወቀው የጉበት ትል ፋሲዮላ ነው፤ እንደ ፎገራ ባለ ረግረግ ሜዳ ላይ የሚግጡ ከብቶችና በጎች ይያዙበታል፣ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በውኃ ዳር ከበቀለ ጥሬ ቅጠልና ካልታከመ ውኃ ነው። ፋሲዮላን ፕራዚኳንቴል አያድነውም፤ መድኃኒቱ ትሪክላቤንዳዞል ነውና የተገኘው እንቁላል የየትኛው ትል እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍለት። አንድ ነገር ልጨምር፤ የታመመ ከብት ጉበት የበላ ሰው፣ ራሱ ሳይያዝ የፋሲዮላ እንቁላል በሰገራው ሊታይ ስለሚችል፣ ወንድምዎ ከምርመራው በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ጥሬም ሆነ የተጠበሰ ጉበት ባይበላ ይሻላል።